ምስጥ ምንድን ነው? ከቤትና ከጓሮስ እንዴት ይከላከሉታል?

ደጀን ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ይሁን ባሕር ዳር፣ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ምስጥን ያውቀዋል። በደንብ የሚያውቀው ግን ሥራውን ነው። በሩ አልገጥም ይላል፤ መቃኑ ሲነካ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል፤ አልጋ ሥር የተቀመጠው የደብተር ካርቶን ሲነሳ ታቹ የለም። ግድግዳው እኮ ከውጭ ተለስኖ አምሮበት ነበር። ውስጡን ለቄስ!

መልኩ ጉንዳን ይመስላል። ዘመዱ ግን በረሮ ነው። ከጉንዳን ጋር እንዲያውም ጠላት ናቸው። እንደ ንብ በማኅበር ይኖራል፤ ሠራተኛ አለው፣ ወታደር አለው፣ ንግሥት አለችው። ከንብ የሚለይበትን ነገር የጎጃም ንብ አናቢ ቢሰማ ይገርመዋል። ድንጉላ ንብ ከንግሥቷ ጋር ተራክቦ ወዲያው ይሞታል። የምስጥ ንጉሥ ግን ከንግሥቲቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩት ዓይነቶች ንግሥት ሆዷ ተነፍቶ መራመድ ያቅታታል፤ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ቤታችንን የሚበላው ሠራተኛው ነው። ዓይን የለውም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ፀሐይና ደረቅ አየር ቶሎ ይገድሉታል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አይሄድም። ከአፈርና ከምራቁ ጠባብ የጭቃ ቦይ ሠርቶ በዚያ ውስጥ ይመላለሳል። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ካዩ እሱ ነው። መስመሩን በጥፍርዎ ትንሽ ቆረስ ያድርጉት። ነጫጮቹ ሠራተኞች ይሸሻሉ፤ ራሳቸው ቡናማ የሆነ ወታደሮች ብቅ ብለው መንጋጋቸውን ይከፍታሉ። በማግስቱ ቁራሹ ቦታ በእርጥብ ጭቃ ተደፍኖ ካገኙት መንገዱ ሥራ ላይ ነው። ካልተደፈነ ምናልባት ጥለውት ሄደዋል፤ ሌላ መንገድ ግን ይፈልጉ።

ሁሉም ምስጥ ኩይሳ አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኩይሳ በሌለበት ግቢም ምስጥ አለ፤ ትንንሾቹ ዓይነቶች ጎጇቸውን ከመሬት በታች በትነው ስለሚሠሩ አይታዩም። ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩት ደግሞ ገበሬ ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ያኘኩትን እንጨትና ሣር ወደ ጎጇቸው አስገብተው ፈንገስ ያበቅሉበታል፣ ያንን ይመገባሉ። በክረምት ኩይሳ አጠገብ ብቅ የሚለው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው።

አየሩ ሲቀዘቅዝ ምስጥ ይቀንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው ጮቄ አናት ላይ ምስጥ አያስጨንቅም። ወደ ዓባይ በረሃ በወረዱ ቁጥር፣ ወይም ወደ ጃዊ በቀረቡ ቁጥር ግን ነገሩ ይለወጣል።

የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ባለ ክንፎቹ እንደ አሸን ይፈላሉ። መብራት ላይ ተሰብስበው ክንፋቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። በረንዳ ላይ የረገፈ ክንፍ ማየት ብዙም አያስደነግጥም፤ ከሩቅ በርረው ሊመጡ ይችላሉ። ከቤትዎ ወለል ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ ሲወጡ ካዩ ግን ጎጆው እግርዎ ሥር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከምድር ላይ እናጥፋው ብሎ መነሳት አያዋጣም። ምስጥ በዋናነት የሚበላው የሞተ እንጨትና የደረቀ ሣር ነው፣ አፈሩንም ያገላብጣል። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ እንጨትዎ አፈር አይንካ። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

ቤት ገና የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ነው። አጠናውን በቀጥታ መሬት ውስጥ ከመትከል ይልቅ ጉልበት ድረስ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ይሻላል። ድንጋዩ ምስጡን ሙሉ በሙሉ አያግደውም፣ በላዩ ቦዩን ሠርቶ ይወጣል። ግን በግልጽ ይታያል፣ እርስዎም ይጠርጉታል። ስሚንቶ ቢሆንም ስንጥቅ ካለው ያልፍበታል። ጭቃው ውስጥ የሚገባው የጤፍ ጭድም ለእሱ ምግብ መሆኑን አይርሱ።

ስለ እንጨቱም ዓይነት ላንሳ። ጥድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ወጣት ባሕር ዛፍ ግን ለምስጥ ግብዣ ነው። እርግጥ ዛሬ ጥድ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ የት ይገኛል? ስለዚህ ባሕር ዛፍ የግድ ከሆነ ልጡን ልጠው በደንብ ያድርቁት። መሬት የሚገባውን ጫፍ ብዙ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል። እንጨቱ ሳይደርቅ ከተቀባ ግን ቆይቶ ይሰነጠቃል፣ ምስጡም በስንጥቁ ይገባል። ዘይቱ አፈርና ውኃ ይበክላልና ከጉድጓድ ውኃና ከአትክልት መደብ ይራቅ።

ቤቱ ከተሠራ ደግሞ ዙሪያውን ያጽዱ። ግድግዳ የተደገፈ የማገዶ ክምር፣ ኩበት፣ አገዳና ገለባ ካለ ይነሳ። ጠፈጠፉ የሚወርድበት ቦታ ውኃ እንዳያቁር ቦይ ይውጣለት፤ እርጥብ የግድግዳ ሥር ምስጥ ይወዳል። ሳጥንና የጤፍ ጆንያ ድንጋይ ወይም ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በየሳምንቱ በመጥረጊያ ይዙሩ፣ ያገኙትን የጭቃ መስመር ያፍርሱ። ምሰሶውን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ካቻቢቴ ይሞክሩበት፤ ዘልቆ ከገባ ምሰሶው መቀየር አለበት።

ጓሮ ላይ ምስጥ የሚበረታው በደከመ ተክል ላይ ነው። ውኃ የጠማው በርበሬ፣ ለመድረቅ የተቃረበ በቆሎ፣ ገና የተተከለ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይጠቃሉ። በቆሎ ከደረሰ ቶሎ ይሰብሰብ፣ የወደቀው መሬት ላይ አይደር። ያልበሰለ ፍግ ምስጥ ይጠራል፤ ኮምፖስቱ በደንብ ይብላላ። አመድ በችግኙ ዙሪያ መነስነስ የቆየ ዘዴ ነው። ዝናብ ሲያጥበው ጉልበቱ ስለሚያልቅ መደጋገም አለበት።

ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቷን ማውጣትስ? አድካሚ ነው፣ አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንድ ማኅበር ግን ሌላ ንግሥት ይተካል። ከመሬት በታች ለተበተነው ዓይነት ደግሞ የሚቆፈር ኩይሳም የለም።

መድኃኒት የመጨረሻው ነው። በአንድ ወቅት አልድሪንና ዲልድሪን የሚባሉ ኬሚካሎች ለምስጥ እንደ ልብ ይረጩ ነበር። አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይጠፉ ቆይተው ሰውና እንስሳ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀሙ በመሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አግዷቸዋል። ዛሬ ለምስጥ ከሚሸጡት ውስጥ እነ ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ንብን በጣም ይጎዳሉ። ጓሮው ቀፎ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አበባ ላይና ንብ ውኃ በሚጠጣበት አካባቢ ማርከፍከፍ ማለት ቀፎውን መጨረስ ነው። የግድ ከሆነ የግብርና ባለሙያ ያማክሩ፣ መለያ ያለው ዕቃ ይግዙ። ገበያ ላይ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ስሙ የማይታወቅ ፈሳሽ ግን ቤትዎ አይግባ።

ዶሮ ካለዎት ደግሞ ምስጡን ይጠቀሙበት። በምዕራብ አፍሪካ ገበሬዎች ማሰሮ ውስጥ እርጥብ ገለባና ፍግ ሞልተው የምስጥ መንገድ ላይ ይደፉታል። ምስጡ ወደ ውስጥ ይገባል። ማሰሮውን አንስተው ለጫጩቶች ያራግፉታል። እኛም ጋ ማሰሮ አለ፣ ምስጥም አለ። ከቤት ራቅ አድርጎ መሞከር ነው።