የሳሳ ቅርፊት፦ ኬሚካልና የአዳኝ አእዋፍ መራባት በአዲስ አበባ ዙሪያ

አዲስ አበባ በአሞራ የታደለች ከተማ ናት። ጥንብ አንሳው ቄራ አካባቢ ዛፉን ሞልቶት ይውላል። ጭልፊቱ ከጣሪያ ጣሪያ ያንዣብባል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነው ኦገር የተባለ አዳኝ ወፍ ይታያል። በበጋ ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከሰሜኑ የዓለም ክፍል የመጡ ንስሮች ያርፋሉ። ይህን ያህል ትልልቅ አዳኝ አእዋፍ ከሰው ጋር የሚኖሩበት ዋና ከተማ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

መርዝ ሲባል ሁላችንም ሞቶ የወደቀ አሞራ ነው የሚታየን። ሌላው ጉዳት ጎጆ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ወፏ ደህና ትበራለች፣ ትበላለች፣ እንቁላልም ትጥላለች። ጫጩት ግን የለም።

ነገሩ የተደረሰበት በእንግሊዝ ነው። የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፓውል ሙለር ዲዲቲ የተባለው ኬሚካል ነፍሳትን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1939 አወቀ፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ እንደ ልብ እርሻ ላይ ተረጨ። ከዚያ ፔሬግሪን በተባለው ጭልፊት ጎጆዎች ውስጥ የተሰበሩ እንቁላሎች በዙ። ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለ ተመራማሪ አንድ ብልሃት ዘየደ። እንቁላል ሰብሳቢዎች ለዓመታት በሳጥን ያስቀመጧቸውን ባዶ ቅርፊቶች እየመዘነና እየለካ አነጻጸረ። ቅርፊቱ በድንገት የሳሳው ከ1947 ገደማ ጀምሮ ነበር፤ ዲዲቲ በተስፋፋበት ወቅት ማለት ነው። ውጤቱን በ1967 አሳተመ። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ከእርሻ አገደች፤ ፔሬግሪኑም አገግሞ በ1999 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲዲቲ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ዲዲኢ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ በቀላሉ አይወጣም። ከነፍሳት ወደ ዓሣ ወይም ወደ ትንሽ ወፍ፣ ከዚያ ወደ አዳኙ ሲያልፍ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። እናቲቱ ቅርፊት በምትሠራበት ክፍል ካልሲየሙ እንደሚገባው እንዳይደርስ ያግዳል። እንቁላሉ ይሳሳል። ስትታቀፈው በገዛ ክብደቷ ትሰብረዋለች። ሳይሰበር የቀረውም ሊደርቅ ይችላል። ዶሮ ግን ዲዲኢን በደንብ ትቋቋማለች። ስለዚህ የሰበታ ዶሮ አርቢ «የኔ እንቁላል ምንም አልሆነ» ቢል ለአሞራው ምስክር አይሆንም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች የወባ ርጭት ከተማዋን ብዙም አልነካትም። ዲዲቲ ለዓመታት የተረጨው በቆላው ቤቶች ግድግዳ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከዝዋይ አጠገብ አዳሚ ቱሉ ባለው ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ በል አእዋፍ ላይ በተደረገ ጥናት ዲዲኢ ተገኝቷል። ጥንብ አንሳ ደግሞ ድንበር አያውቅም፤ ለምግብ ፍለጋ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስምምነቱ ዲዲቲን ለበሽታ መከላከያ ብቻ ይፈቅዳል። ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ክምችትም ከሺህ ቶን በላይ ተጭኖ ፊንላንድ ውስጥ ተቃጥሏል።

በአቃቂ ወንዝ ጉዳይ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ቆዳ ፋብሪካዎች ላይ ነው። ወንዙ መቆሸሹ አያከራክርም። ሁለቱ አቃቂዎች ይዘውት የሚወርዱት ሁሉ አባ ሳሙኤል ግድብ ይጠራቀማል፤ ዳርቻው ግን የወፍ ሀገር ነው። ይሁንና ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣው ክሮሚየም እንደ ዲዲኢ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሲያልፍ እየጨመረ የሚሄድ ነገር አይደለም። እንቁላል አሳሳ ብሎ እሱን መክሰስ ይከብዳል ባይ ነኝ። ሜርኩሪ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እየጨመረ ይወጣል፣ መፈልፈልንም ይቀንሳል።

ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ እንቁላል አይነካም። የታከመ ከብት ሞቶ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። በደቡብ እስያ ሦስት ዝርያዎችን ከ95 በመቶ በላይ ጨርሷል። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ።

እንዲህ ያለ ሞት ከመራባት ጋር የሚገናኘው በቁጥር ነው፤ የሞተው ቶሎ አይተካም። የሩፔል ጥንብ አንሳ፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን ከጎበኘው ጀርመናዊ ነው፣ በገደል ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። ለሁለት ወር ገደማ ይታቀፋል። ጫጩቱ ለመብረር አምስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ቄራ አካባቢ የምናየው ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝ የሆነው ጥንብ አንሳም አንድ ነው የሚጥለው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጥፋት አደጋቸው እጅግ አስጊ ደረጃ ላይ ተመዝግበዋል። ለውሻና ለጅብ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ አንዱን ወላጅ ከገደለ፣ ሌላው ወይ እንቁላሉን መታቀፍ ወይ ምግብ ፍለጋ መውጣት አለበት። ሁለቱን ባንዴ አይችልም።