ቱ-ቶን ሃርድቶፕ ኩፔ ምንድን ነው?

«ቱ-ቶን» ሲባል ክብደት እንዳይመስላችሁ። ባለ ሁለት ቀለም ማለት ነው። ክብደት ነው ብላችሁ ብትገምቱም ግን ብዙ አልተሳሳታችሁም። ዛሬ የማነሳት የ1956ቷ ቢዊክ ሮድማስተር ሪቪዬራ፣ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ መኪና፣ 2 ቶን ልትሞላ ትንሽ ነው የሚቀራት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኩፔ ባለ ሁለት በር መኪና ናት፤ እዚህ ላይ ጊዜ አናጥፋ። ጉዳዩ ያለው «ሃርድቶፕ» ላይ ነው። የሌላውን መኪና ጎን እዩ። በፊተኛውና በኋለኛው መስኮት መሐል ጣሪያውን የሚሸከም ቋሚ አለ። ሃርድቶፕ ያ ቋሚ የላትም። መስኮቶቹን ሁሉ ዝቅ ስታደርጓቸው ከፊት መስታወት እስከ ኋላ ድረስ ጎኗ ወለል ብሎ ይከፈታል። ጣሪያዋ ግን ብረት ነው፤ የትም አይሄድም።

ለምን እንዲህ ተሠራች? ያኔ አሜሪካ ውስጥ ዘናጭ መኪና ማለት የሸራ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ነበረች። ችግሩ ሸራ ዝናብ ያስገባል፣ ብርድም አይችልም። ኤድዋርድ ራግስዴል የሚባሉ የቢዊክ ኃላፊ ነበሩ። ባለቤታቸው ሁልጊዜ ሸራ ጣሪያ ያላትን ይመርጣሉ፤ ጸጉራቸው እንዳይበላሽ ግን አንድ ቀን እንኳ አይከፍቷትም ነበር ይባላል። እንግዲህ የሚፈለገው መልኳ ብቻ ከሆነ፣ መልኳን በብረት መሥራት ነዋ! በ1949 ጄኔራል ሞተርስ ሦስት ሃርድቶፖች አወጣ፦ ቢዊክ ሪቪዬራ፣ ካዲላክ ኩፕ ደ ቪል እና ኦልድስሞቢል ሆሊዴይ።

ሁለቱ ቀለሞች የሚገቡት እዚህ ጋ ነው። ጣሪያው ከቦዲው የተለየ ቀለም ሲቀባ፣ ከሩቅ ለሚያይ ሸራ ይመስላል። ሌላም ሥራ አለው። ወፍራም ቦዲ በአንድ ቀለም ሲታይ እንደ ቁም ሳጥን ነው። ለሁለት ሲከፈል ግን ዓይን ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በርዝመቱ ይሄዳል፤ መኪናዋም ዝቅና ረዘም ያለች ትመስላለች። የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን አለቃ ሃርሊ ኧርል ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ለዚሁ ነው፦ ረጅምና ዝቅ ያለ መኪና። ቀለም ያንን ያለ ምንም ላሜራ ሥራ ይሰጣል። (አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሰማያዊ በነጭ ሲባል የሚታየው ላዳ ታክሲ ነው። ያ ለመለያ እንጂ ለውበት አልነበረም፤ እኔ ግን ነጭ ጣሪያው ላዳን ሳያሳምራት አልቀረም እላለሁ።)

ሮድማስተሯ ላይ ቀለሞቹን የሚለያየው የክሮም መስመር ነው። ከፊት ፓራፋንጎ ይነሳል፣ በሩን አቋርጦ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ የኋላ ጎማ ጋ ሲደርስ እጥፍ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ለኔ የነጠላ ጥለት ነው። ጥለት ግን ለጌጥ ብቻ ነው፤ ይሄኛው የቀለሞቹን መገናኛም ይሸፍናል።

መገናኛው ደግሞ የቀለም ቀቢዎች ራስ ምታት ነበር። ባለ ሁለት ቀለም መኪና በ1920ዎቹም ፋሽን ነበር። ሠራተኞቹ አንዱን ቀለም በወረቀትና በሙጫ ሸፍነው ሌላውን ይረጫሉ። ወረቀቱን ሲልጡት ታዲያ ከሥር ያለው ቀለም አብሮ ይላጣል። ሪቻርድ ድሩ የሚባል የ3ኤም ኩባንያ ሠራተኛ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን አይቶ፣ በ1925 ቀለም ሳይጎዳ የሚላቀቅ ፕላስተር ሠራ። ዛሬ «ስኮች» የምንለው ስም የመጣው ከዚያው ቤት ነው።

ሮድማስተር ውድ መሆኗን ደግሞ ጎኗ ላይ ይዛ ትዞር ነበር። የ1949ኟ በየጎኗ 4 ክብ ቀዳዳ አላት፤ በዋጋ ዝቅ ያለችው ቢዊክ፣ «ሱፐር» የምትባለው፣ 3 ብቻ አላት። ጎረቤት ቆጥሮ ይረዳዋል። ሐሳቡ የመጣው ከዲዛይነሩ ኔድ ኒክልስ ነው። የራሱን መኪና ኮፈን ጎን በስቶ፣ ከሞተሩ ጋር እየተከተሉ ብልጭ የሚሉ መብራቶች ገጥሞ ነበር። የጎረምሳ ሥራ ነው፤ ግን ሠራ።

ልንዳት ብትሉኝ አላውቅም። ያ የሌለው ቋሚ መኪና ሲገለበጥ ይፈለጋል። የመስታወቱ ጎማ ሲያረጅም ንፋሱ ያፏጫል፣ ውሃው ይገባል። የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ቀስ በቀስ ተዉት፤ ከትልልቆቹ የመጨረሻዎቹ የ1978 ክራይስለሮች ነበሩ።

አንዷን ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የተመታችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይፈልግ። የቀለሙ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። ቁጥሩ አንድ ቀለም ብቻ እያለ መኪናዋ ባለ ሁለት ከሆነች፣ ሁለተኛውን የጨመረው ፋብሪካው አይደለም።