አርቪ ፓርክ ስትመርጡ አትሸወዱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ቤታችንን ለቀን አርቪ ውስጥ መኖር ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። አርቪ ለማያውቅ፦ አልጋም፣ ኩሽናም፣ ሽንት ቤትም ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። አንዳንዱ ራሱ ይነዳል፣ አንዳንዱ በፒክአፕ ይጎተታል። አዲስ ጀማሪዎች ባገኙን ቁጥር «ጥሩ ፓርክ እንዴት ነው የምታገኙት?» ይሉናል። ፓርክ የምለው አርቪ ከፍሎ የሚያድርበትን ግቢ ነው። ችግሩ፣ ስለ አርቪ ፓርክ የሚወራው አብዛኛው ነገር በዓመት ሁለት ሳምንት ለእረፍት ለሚወጣ ሰው የተባለ ነው። ለእሱ ዋናው የመዋኛ ገንዳው ነው። እኛ ግን እዚያው ልብስ እናጥባለን፣ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ሥራ እንሠራለን፣ ጉንፋን ይዞን ሦስት ቀን እንተኛለን። ገንዳውን ከመስኮት ነው የምናየው።

ስለዚህ የሰማነውንና ያመንነውን፣ ብዙውን ጊዜም ከፍለን የተማርነውን፣ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ነጥቡ ሙሉ ከሆነ ፓርኩ ጥሩ ነው»

ጉድ ሳም የሚባለው የአርቪ ተጓዦች ክበብ ለፓርኮች የሚሰጠው ነጥብ ሦስት ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ከ10። አንዱ ለመገልገያዎቹ፣ አንዱ ለሽንት ቤቱና ለሻወሩ ንጽህና፣ አንዱ ለግቢው ውበት። ጠቃሚ ነው፣ አልንቀውም። ግን ቁጥሩ ብቻውን ሌሊት ምን እንደሚሰማችሁ አይነግራችሁም።

አንድ ጊዜ ነጥቡን አይተን አንድ የሚያምር ፓርክ ገባን። ሣሩ የታጨደ፣ ሻወሩ የሚያብረቀርቅ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባቡር መጣ። የአሜሪካ ባቡር መኪና መንገድ ወደሚያቋርጥበት ቦታ ሲቃረብ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቀድሞ ጥሩምባ እንዲነፋ ሕግ ያስገድደዋል፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። የድምፁ ዝቅተኛ ልክ 96 ዴሲቤል ነው። ያን ሌሊት አራቴ ነፋ። ጠዋት ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ «ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር...» እያለች ስታንጎራጉር ነው ያገኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ከመያዛችን በፊት የሳተላይት ካርታ ከፍተን ፓርኩን ከላይ እናየዋለን። ሐዲድ አለ? መንገዱን የት ነው የሚያቋርጠው? ሀይዌዩስ? ብዙ ፓርክ ከሐዲድና ከሀይዌይ ጎን የሚሠራው መሬቱ እዚያ ስለሚረክስ ነው። የሚገርመው፣ ፓርኩ ራሱ የሚለጥፋቸው ፎቶዎች ሁሉ ጀርባቸውን ለሐዲዱ ሰጥተው የተነሱ ናቸው።

ሪቪው ላይም ኮከብ አትቁጠሩ። «ሠራተኞቹ ደስ ይላሉ» የሚለውን እለፉት። ሦስት ኮከብ የሰጠውን ሰው አንብቡ፤ እሱ ነው ሳያጋንን ሁለቱንም የሚነግራችሁ። ቀኑንም እዩ፣ ባለቤት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

«ስም ያለው ድርጅት ከሆነ ሁሉም ቦታ አንድ ነው»

ኬኦኤ በ1962 ሞንታና ውስጥ ቢሊንግስ ላይ የተጀመረ፣ ብዙ ፓርኮች በስሙ የሚሠሩበት ትልቅ ድርጅት ነው። ግን አብዛኞቹ ፓርኮች በፍራንቻይዝ የተያዙ ናቸው፤ ምልክቱ አንድ፣ ባለቤቱ ግን ለየብቻ። በዚያ ላይ ሦስት ዓይነት አላቸው። ጆርኒ የሚባለው መንገድ ላይ ላለ ለአንድ ሌሊት አዳሪ፣ ሆሊዴይ ትንሽ ለሚቆይ፣ ሪዞርት ደግሞ ለመዝናናት ለመጣ። መንገድ ላይ ሆናችሁ ማደሪያ ብቻ ፈልጋችሁ የሪዞርት ዋጋ ብትከፍሉ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

«ፉል ሁክአፕ ካለ ጣጣ የለውም»

ፉል ሁክአፕ ማለት ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ ሦስቱም እዚያው ሳይቱ ላይ፣ ማለትም መኪናዋ በምትቆምበት ቁራሽ ቦታ ላይ አሉ ማለት ነው። አሉ መባላቸው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሆኑ ደግሞ ሌላ።

መብራቱን እንይ። ብዙ ሰው 30 አምፕና 50 አምፕ ሲባል ልዩነቱ ሃያ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። 30 አምፕ አንድ የ120 ቮልት መስመር ነው፣ በድምሩ 3,600 ዋት። 50 አምፕ ግን ሁለት መስመር ነው፣ 12,000 ዋት። ከሦስት እጥፍ በላይ! በ30 አምፕ ላይ ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) እየሠራ፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ተለኩሶ፣ ማይክሮዌቩን ስትጫኑ ብሬከሩ ይወርዳል። ተለማምዶ መኖር ይቻላል፣ እኛም ሁለት ዓመት ኖረናል። ግን በነሐሴ ሙቀት ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ኤሲ ይዞ 30 አምፕ ሳይት መያዝ ራስን መቅጣት ነው።

ዋናው ሌባ ግን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። የፓርኩ ሽቦ አሮጌ ከሆነና ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ኤሲውን አንድ ላይ ሲከፍት ቮልቱ ይወርዳል። ጠዋት 119 ያነበብነው የሳይቱ የመብራት ሳጥን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 103 ሆኖ አይተናል። በዚህ ቮልቴጅ ኤሲ ማሠራት ኮምፕረሰሩን ቀስ እያለ ይገድለዋል፤ እናንተ ደግሞ ከወር በኋላ ሲበላሽ «ዕቃው አልረባ አለ» ትላላችሁ። መከላከያው፣ ቮልቴጁ 104 ገደማ ሲደርስ በራሱ መብራቱን የሚያቋርጥ መሣሪያ መግዛት ነው። ከሳጥኑ ጋር አርቪውን ከማገናኘታችሁ በፊት መጀመሪያ እሱን ብቻውን ሰክታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ሽቦው ተገልብጦ የተገጠመም ከሆነ እሱ ይነግራችኋል።

ውሃው ደግሞ አንዳንድ ቦታ ግፊቱ ከልክ በላይ ነው። ግፊት መቀነሻ ቧንቧው ላይ ሳይገጠም ከተከፈተ የአርቪው ቱቦ ግድግዳ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። መቀነሻው ትንሽ የናስ ዕቃ ናት፤ እሷን ሳታስሩ ውሃ አትክፈቱ።

ፍሳሹን የሚጠይቅ ደግሞ የለም። ፍሳሽ ሽቅብ አይወጣም። አንድ ፓርክ ውስጥ የፍሳሹ ቀዳዳ ከአርቪያችን መውጫ ከፍ ብሎ ተተክሎ አገኘነው። ሳምንቱን ሙሉ ቱቦውን በእጃችን እያነሳን ስናፈስ ሰነበትን። ዝርዝሩን ልተውላችሁ። አሁን ስልክ ስንደውል «ቀዳዳው ከመሬት እኩል ነው ወይስ ከፍ ያለ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ቢሮ ያለችው ልጅ ትስቃለች፣ ግን ሄዳ ታይልናለች።

«ወንዝ ዳር ያለው ሳይት ምርጡ ነው»

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጁላይ 4 ቀን 2025 ንጋት ላይ ቴክሳስ ውስጥ ጓዳሉፔ ወንዝ ሞልቶ፣ በዳርቻው የነበሩ አርቪ ፓርኮችን ከነነዋሪዎቻቸው ጠርጎ ወሰደ። በዚያ ጎርፍ በአካባቢው ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በፊትም ጁን 2010 አርካንሶ ውስጥ አልበርት ፓይክ የሚባለው ካምፕግራውንድ (ድንኳንም አርቪም የሚያድርበት ቦታ) ላይ ሊትል ሚዙሪ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ 20 ሰው ገድሏል። ሁለቱም ጊዜ ውሃው የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው።

አርቪ ጎማ ስላለው በቀላሉ የሚያመልጥ ይመስላል። አያመልጥም። የመብራቱን ገመድ፣ ውሃውን፣ ፍሳሹን ነቅሎ፣ ወደ ጎን ተስቦ የተዘረጋውን ክፍል አስገብቶ፣ ከፒክአፕ ጋር አያይዞ መውጣት ለለመደ ሰው እንኳ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ያን ያህል አይጠብቅም።

ወንዝ አትዩ አልልም፣ ወንዝ እወዳለሁ። ግን የፓርኩን አድራሻ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ በሚያወጣው የጎርፍ ካርታ ላይ አስገቡና እዩ። ቢሮውን «ከፍ ያለው ሳይት የቱ ነው?» በሉ። መውጫው መንገድ ወንዙን በዝቅተኛ ድልድይ የሚሻገር ከሆነ ሌላ ፓርክ ፈልጉ። ሌሊት ስልካችሁን አታጥፉ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከሆነ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ይኑራችሁ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደግሞ አርቪውን ትታችሁ በእግራችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

«ናሽናል ፓርክ ውስጥ ማደርን የሚያህል የለም»

ለዓይን አዎ። ለኑሮ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ዮሴሚቲ ውስጥ ካሉት ካምፕግራውንዶች አንዱም ሁክአፕ የለውም። የሎስቶን ውስጥ ፉል ሁክአፕ ያለው ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ በድብ ምክንያት ድንኳን አይፈቀድም፣ የጨርቅ ግድግዳ ያለው ተጎታችም አይገባም። ግራንድ ካንየን ደቡብ በኩል ማዘር ካምፕግራውንድ ከ30 ጫማ በላይ አያስገባም፣ ጎኑ ያለው ትሬለር ቪሌጅ ግን ፉል ሁክአፕ አለው። ባለ 40 ጫማ አርቪ ይዛችሁ የርዝመቱን ገደብ ሳታነቡ ከሄዳችሁ በዛፎች መሃል ወደ ኋላ ስትነዱ የሚያይ ታዳሚ አታጡም።

የማይወራለትን ልንገራችሁ። አርሚ ኮርፕስ ኦፍ ኢንጂነርስ የሚባለው የጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል በሠራቸው ግድቦች ሐይቅ ዳር ካምፕግራውንዶች አሉት። ብዙዎቹ መብራትና ውሃ አላቸው፣ ሳይቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ዋጋቸውም ከግል ፓርክ ያንሳል። ዕድሜያችሁ 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ ሰዎች ሲኒየር ፓስ የሚባለውን የፌዴራል ፓርኮች መግቢያ ካርድ አውጡ። የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር ነው፤ ብዙ የፌዴራል ካምፕግራውንዶች ላይ የማደሪያውን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። ደጋግማችሁ ስታድሩ ወጪውን ይመልሳል።

«የወር ኪራይ ሁሌ ይረክሳል»

በሌሊት ሲካፈል ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን በቀን ሲከፈል መብራቱ ውስጡ ነው፤ በወር ሲሆን አብዛኛው ፓርክ ቆጣሪ አንብቦ ለብቻው ያስከፍላል። ሁለት ኤሲ ቀን ከሌት የሚሠራበት ወር የመብራቱ ክፍያ ያስደነግጣል። የገባችሁበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው የፈጀውን አንዴ እኛ ላይ ጭነውት ያዳነን ያ ፎቶ ነው። ደግሞ አንዳንድ ፓርክ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ አርቪ አያስገባም፣ ወይም ፎቶ ላኩ ይላል። ንጹህ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ግን በር ላይ ከመከራከር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

«የመንግሥት መሬት ነፃ ነው፣ እስከፈለግን እንቆማለን»

በምዕራቡ ክፍል ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ በነፃ ማደር በብዙ ቦታ ይቻላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድም፤ ከዚያ ሌላ ቦታ መሄድ አለባችሁ። ክረምቱን በረሃ ላይ ልክረም ካላችሁ አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት አጠገብ ላ ፖሳ አለ። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 በፈቃድ መክረም ይቻላል፣ ፈቃዱም ለዓመታት 180 ዶላር ነበር። ሁክአፕ ግን የለም፤ ሶላር ወይም ጀነሬተር ያስፈልጋችኋል።

ዋልማርት ፓርኪንግ ላይ ማደርም መብት አይደለም። የሱቁ ማናጀር ይወስናል፣ ከተማውም ሊከለክል ይችላል። ደውላችሁ ጠይቁ፣ አለቀ።

«አስቀድሞ ያልያዘ ቦታ አያገኝም»

ግማሹ እውነት ነው። ፍሎሪዳ ስቴት ፓርኮች ለራሷ ነዋሪ ከ11 ወር፣ ለሌላው ከ10 ወር በፊት ይከፈታሉ፤ በክረምት ባሕር ዳር ያሉት ደግሞ ወዲያው ይያዛሉ። ብዙ የፌዴራል ካምፕግራውንዶች 6 ወር ቀድመው ነው የሚከፈቱት። ግን ሰው ይሰርዛል። የፌዴራሉ የቦታ ማስያዣ ድረገጽ ሪክሪዬሽን ዶት ገቭ ላይ ቦታ ሲለቀቅ መልእክት የሚልክ አገልግሎት አለ። እኛ ከእሑድ እስከ ሐሙስ እንንቀሳቀሳለን፤ ዓርብና ቅዳሜን ለእረፍት ለሚወጡት ሰዎች እንተውላቸዋለን። እንደ ሜሞሪያል ዴይ፣ ጁላይ 4 እና ሌበር ዴይ ያሉ በዓላት ሲደርሱ ግን አስቀድመን ይዘን ቁጭ እንላለን።

«ዋይፋይ አለ ካሉ አለ»

ኢሜይል ለማየት ይሆናል። ማታ ሁሉም ሰው ፊልም ሲከፍት ይሞታል። ከቤት የምትሠሩ ከሆነ የራሳችሁን ኢንተርኔት ይዛችሁ ሂዱ። ካምፔንዲየም የሚባለው የካምፕ ቦታዎች ድረገጽ ላይ ሰዎች ስለ ስልክ ሲግናል የጻፉትን ማንበብም ይረዳል። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ ከሆነ ደግሞ ያልተሸፈነ ሰማይ ይፈልጋል። ያ የተመኛችሁት የዛፍ ጥላ ስብሰባ መሃል ላይ ያቋርጣችኋል። ጥላ ወይስ ኢንተርኔት? ቤታችን ውስጥ ይህ ክርክር ገና አላለቀም።

«የተሰጠንን ሳይት መቀበል አለብን»

ይህን ያመንነው ዓመት ሙሉ ነው። አሁን ስንደርስ አርቪውን መግቢያው ላይ አቁመን በእግራችን ወደ ሳይቱ እንሄዳለን። መሬቱ ቀጥ ያለ ነው? የዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያውን ይነካል? የቆሻሻ ገንዳው የት ነው? የመንገድ መብራቱስ በመኝታ ቤቱ መስኮት ይገባል? ባለፈው ወር 41 ቁጥር ተሰጥቶን ሄደን ስናይ ጎረቤቱ ሦስት ውሻ አስሮ ሁሉም እኛን አይተው ይጮሃሉ። ቢሮ ተመልሰን በትሕትና ጠየቅን። ሰውዬው ካርታውን አየና «38 ባዶ ነው፣ ግን ከሻወሩ ይርቃል» አለ። የራሳችን ሻወር አለን አልነው።