ጼቹ፦ የቡታን የጭምብል በዓልና እንግዳው

«ጼቹ» በቡታን ብሔራዊ ቋንቋ በዞንግካ «አሥረኛ ቀን» ማለት ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቡድሃን እምነት በዚያ የሂማላያ አገር እንዳስፋፋ የሚነገርለት መምህር ጉሩ ሪንፖቼ በየጨረቃው ወር በ10ኛው ቀን ይታሰባል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለብዙ ቀናት በሚዘልቅ ታላቅ በዓል ይከበራል። ወርኃዊና ዓመታዊ በዓል ለለመደ አንባቢ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። ዓመታዊው በዓል የሚውልበት ወር ከቦታ ቦታ ይለያያል። የፓሮው በመጋቢት ገደማ፣ የዋና ከተማዋ የቲምፉ በመስከረም ገደማ ይውላል። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይፈናቀላል፤ የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛት በፊት የዓመቱን መርሐ ግብር ማየት የግድ ነው።

አብዛኛው በዓል በድዞንግ ግቢ ይካሄዳል። ድዞንግ ግማሹ ገዳም፣ ግማሹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሆነ ምሽግ ነው። ከታላላቆቹ በርካታዎቹን ያሠራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሪቱን አንድ ያደረገው ሻብድሩንግ ንጋዋንግ ናምግያል ነው። በፑናካ ድዞንግ የእርሱ ዘመን ትዝታ ገና ትኩስ ይመስላል። እዚያ ከጼቹው አስቀድሞ በሚከበረው «ድሩብቼን» የአካባቢው ወንዶች እንደ ጥንት ዘማች ለብሰውና ጎራዴ ታጥቀው የቲቤት ወራሪ ጦር የተመለሰበትን ውጊያ ያሳያሉ።

የጭምብሉ ውዝዋዜ «ቻም» ይባላል። ጭፈራ ብንለው ያንስበታል፤ ወደ ሽብሻቦ ይጠጋል። እርምጃው፣ የእጁ ምልክትና የከበሮው ምት ከትውልድ ትውልድ ተለክቶ የተላለፈ ሲሆን የሚያቀርቡትም መነኮሳትና ለዚሁ የሠለጠኑ ምእመናን ናቸው። በምሥራቅ ቡታን ከምትገኘው ድራሜትሴ የመነጨውን የከበሮ ውዝዋዜ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የጥቁር ባርኔጣ ውዝዋዜ ደግሞ የቡድሃን እምነት ያሳደደው የቲቤት ንጉሥ ላንግዳርማ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገደለበትን ታሪክ ያነሣል። ገዳዩ መነኩሴ ቀስቱን የደበቀው በሰፊው እጅጌው ውስጥ ነበር ይባላል፤ የዛሬዎቹ ተወዛዋዦችም እጅጌያቸው እስከ ጉልበት የሚንዘረፈፍ ነው።

አንዱን ብቻ የማየት ዕድል ያለው ሰው ግን የሙታንን ፍርድ ይምረጥ። ግቢው መካከል ግዙፍ የሞት ዳኛ ይቀመጣል፤ የበሬ፣ የዝንጀሮና የሌሎች እንስሳት ጭምብል ያጠለቁ አጋፋሪዎች ይከቡታል። ጥቁር የለበሰ ኃጢአተኛ እየተንቀጠቀጠ ይቀርባል። ነጩ አምላክ ስለ እርሱ ይማልዳል፣ ጥቁሩ ጋኔን ይከስሳል፤ ሥራው በነጭና በጥቁር ጠጠር ይመዘናል። ጥቁሩ ሲያመዝን በጥቁር ጨርቅ ላይ ወደ ሲኦል ይነዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ጻድቅ በነጭ ጨርቅ ላይ ይሄዳል። ትዕይንቱ በጣም ረጅም ነው፤ የአገሬው አሮጊቶች ግን መቁጠሪያቸውን እያዞሩ ንቅንቅ አይሉም። ለእነርሱ ይህ ቲያትር አይደለም፤ ከሞት በኋላ የሚያገኟቸውን ፊቶች አስቀድሞ መልመጃ ነው። ጭምብሉን ዛሬ ያወቀ ነገ አይደነግጥበትም ይላል እምነታቸው።

በዚህ ሁሉ መሐል «አትሳራ» የሚባሉት ቀልደኞች ይዞራሉ። ቀይ ጭምብል አጥልቀው፣ በእንጨት የተቀረጸ የወንድ ብልት ይዘው መነኮሳቱን ሳይቀር ይቀልዱባቸዋል፤ እንግዳውም አይተርፍም። አንዳንድ ጎብኚ ይሸማቀቃል፤ መሳቅ ይሻለዋል። ያም ሆኖ የተወዛዋዡን የተፈታ ልብስ የሚያስረውና የሳተውን የሚመልሰው ያው አትሳራ ነው።

በፓሮ በዓል መዝጊያ ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ «ቶንግድሮል» የተሰኘ ግዙፍ የጨርቅ ሥዕል በግድግዳ ላይ ይዘረጋል። ስሙ «በማየት ነጻ መውጣት» ማለት ነው፤ ሰው በዚያ ብርድ የሚሰለፈው እርሱን አይቶና ጫፉን በግንባሩ ነክቶ ለመባረክ ነው። የፀሐይ ጨረር ሳያርፍበትም ተጠቅልሎ ይገባል።

የመንገደኛው ጉዳይ አጭር ነው። ቡታን ጎብኚ መቀበል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን ብዙ ሕዝብ ማስገባት አትፈልግም። የውጭ አገር ጎብኚ ለእያንዳንዱ ሌሊት የሚከፍለው የዘላቂ ልማት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 200 ዶላር ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ወደ 100 ወርዷል፤ ለህንዳውያን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ውድ ነው። የአገሩ ወንድ «ጎ»፣ ሴቷ «ኪራ» የሚባለውን ምርጥ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ፣ ቁምጣ ለብሶ መገኘት ነውር ነው። የውዝዋዜውን ሜዳ ማቋረጥም አይገባም። ግቢ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ መቅደስ ውስጥ ግን አይፈቀድም። በቡምታንግ በጃምባይ ላካንግ ቤተ መቅደስ በሚከበረው በዓል ደግሞ ሌሊት ወንዶች ፊታቸውን ብቻ ሸፍነው ራቁታቸውን ይወዛወዛሉ፤ እዚያ ካሜራ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እንግዳውም እንደ አገሬው በዓይኑ ብቻ አይቶ ይመለሳል።