የጽዋ ማኅበር፦ በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞረው ጽዋ

የጽዋ ማኅበር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በወር አንድ ቀን በአንድ ቅዱስ፣ በአንድ መልአክ፣ በእመቤታችን ወይም በጌታ ስም እየተሰበሰቡ የሚጸልዩበትና አብረው የሚበሉበት ሥርዓት ነው። አባላቱ ማኅበርተኛ ይባላሉ። ድግሱ በተራ ነው። ተረኛው ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃል። ማታ ላይ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል።

ሰው ሲናገር «ማኅበር አለብኝ» ወይም «የጊዮርጊስ ማኅበር እጠጣለሁ» ይላል። መጠጣት የሚለው ቃል እንግዳን ያሳስታል። ዋናው ነገር መጠጡ አይደለም። ከአንድ ጽዋ መቅመስ ነው።

ስለ ጾምና ስለ ቅዳሴ ብዙ ተጽፏል። የጽዋ ማኅበር ግን የእናቶች ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ብዙ አልተጻፈለትም። እዚህ ያለው አብዛኛው ከአዲስ አበባ ማኅበርተኞች አፍ የሰማሁትና እናቴ ከምትጠጣበት የማርያም ማኅበር ደብተር ያገኘሁት ነው።

ቀኑ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የወሩ ቀናት ስም አላቸው። 5 አቦ ነው። 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ብዙ ሰው ቀን የሚቆጥረውም በዚህ ነው። «ለሚካኤል እከፍልሃለሁ» ያለ ባለዕዳ 12ን ማለቱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 12፣ 21 እና 29 በየወሩ እንዲከበሩ በሥርዓት የታወቁ ናቸው። በዚህም የተነሳ ይሁን በሌላ፣ የማርያምና የሚካኤል ማኅበር የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ላይ ከዋለ ማኅበሩ አይቀርም። ወጡ ብቻ የጾም ይሆናል፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከ9 ሰዓት በፊት እህል አይቀመስም። ማኅበርተኛውም ከዚያ በኋላ ይሰበሰባል።

መነሻው

አባቶች የማኅበሩን መሠረት ሐዋርያት ዘንድ ያደርሱታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በየቤታቸው እንጀራ ይቆርሱ እንደነበር ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል ብሎ የወቀሰውም በእንዲህ ያለው የጋራ ማዕድ ላይ ነው። የኛውንም ማኅበር የዚያ የፍቅር ማዕድ ተከታይ አድርገው ያዩታል። በዛሬው መልኩ መቼ ተደራጀ የሚለው ላይ ግን ሁሉም አይስማማም። ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚያዘነብሉ አሉ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነግሠዋል። 33ቱን የእመቤታችን በዓላት ሕዝቡ እንዲያከብርና ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። የሁለቱ ሰንበታት፣ የቅዳሜና የእሑድ፣ ክርክርም እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የተቋጨው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዓል በየወሩ መቆጠሩ በደንብ ሥር የያዘው ያኔ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ማኅበርተኛው ራሱ ግን ስለ ዘመን ብዙም አይጨነቅም። ለምን ትጠጣላችሁ ቢባል ታሪክ ይነግራል። ሁለቱ ሁሌም ይነሳሉ።

አንዱ የበላዔ ሰብእ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በውኃ ጥም የሚቃጠል ድሃ አገኘ። በብዙ ስም ለመነው፤ አልሰማም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ራራና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በተመዘነችበት ሚዛን ላይ የ78ቱን ነፍስ የበለጠው ያቺ ጥርኝ ውኃ ነች። ታሪኩ በየዓመቱ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ቀን ይነገራል። ከወንጌሉም፣ በማቴዎስ 10፥42፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም የሚለው አብሮ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው የዱራታዎስና የቴዎብስታ ነው። ኅዳር 12 በስንክሳር ይነበባል። ባልና ሚስቱ በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር የሚያዘክሩ፣ ድሃ የሚያበሉ ነበሩ። ረኃብ መጣ። ያላቸው ሁሉ አለቀ። ቀኑ ሲደርስ ባል ልብሱን ሸጦ በግ ሊገዛ ወጣ። መልአኩ በመኮንን አምሳል ተገለጠለት። በጉንም፣ አንድ ዓሣም በእርሱ ዋስትና በዱቤ እንዲያመጣ አደረገው። የዓሣው ሆድ ሲቀደድ 300 የወርቅ ዲናር ወጣ። የሚካኤል ማኅበርተኛ እናቶች ይህን ሲያወሩ ወርቁ ላይ አይቆዩም። የሚቆዩት ልብሱ ላይ ነው። «ምንም ሳይኖራቸው እኮ ነው» ይላሉ።



የተረኛው ቤት

ሥራው የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ብቅል ይገባበታል። ይሄ ጥንስስ ነው። ቀጥሎ እንኩሮው ተቆልቶ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ ይቀጠናል፣ ይከደናል፣ ይጠበቃል። እናቴ ጋኑ አጠገብ ስታልፍ ጆሮዋን ጠጋ ታደርግ ነበር። ሲፈላ ድምፅ አለው። «ማርያም እየሰማች ነው» ትለን ነበር።

ዋዜማው ላይ ድፎው ይጋገራል። ሊጡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለታል። ቤቱ ሌሊቱን በሙሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ልጅ ሆነን ማንም ሳያየን ጠርዙን ልንቆነጥር እንሞክር ነበር። አይቻልም። ካህኑ ሳይባርከው አይነካም።

በቀኑ ጽዋው ከሥዕሉ ጋር ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሻማ ወይም ጧፍ ይበራል። ካህኑ ከመጡ በኋላ ሁሉም ይቆማል። «አቡነ ዘበሰማያት» እና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ይደገማሉ። የዕለቱ መልክእ፣ ድርሳን ወይም ተአምር ይነበባል። ካህኑ በመስቀል ባርከው ዳቦውን ይቆርሳሉ። ጽዋው ከእርሳቸው ይጀምርና በዕድሜ ይዞራል። ይህ ቅዱስ ቁርባን አይደለም፤ ማንም ማኅበርተኛ አያምታታውም። ጸበል ጻዲቅ ነው። በር ላይ ለሚቆሙ ነዳያን ሳይሰጥ ማዕዱ አይነሳም። ያልመጣ ማኅበርተኛ ድርሻው ተጠቅልሎ ይላክለታል፤ የታመመ ከሆነ ደግሞ ይዘውለት የሚሄዱት ሁለት ሦስት ሆነው ነው።

ወደ መጨረሻው ቀጣዩ ተረኛ ይጠራል። ብድግ ብሎ ጽዋውን በሁለት እጁ ይቀበላል። እልልታ ይቀልጣል። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» ይባላል። በእናቴ ማኅበር ጽዋ የያዘች ሴት መንገድ ላይ ቆማ ወሬ አትይዝም። ሰላም ብላ ታልፋለች። ሰውም ያውቃል፣ መንገድ ይለቃል።

ሙሴውና ደንቡ

የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል። ስሙ እስራኤልን ከመራው ነቢይ የተወሰደ ነው ይባላል። ተራ ይጠብቃል፣ መዋጮ ይቆጣጠራል፣ የቀረውን ይጠይቃል። ያለ ምክንያት የቀረ ሻማ ወይም ትንሽ ገንዘብ ይቀጣል።

ትልቁ ሥራው ግን ማስታረቅ ነው። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም፤ ይህ የማይታለፍ ደንብ ነው። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው «የተቀያየመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ቢባልም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ካለ ዝምታው አያስኬድም። አንድ ጊዜ በአጥር ውኃ የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ምክንያት ጠላው ተቀድቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነካ ሲቀመጥ አይቻለሁ። አንዷ ግድግዳ ታያለች። ሌላዋ ጨርቋን ትጠቀልላለች። ካህኑ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ታላቂቱ ተነስታ የታናሺቱን ጉልበት ልትነካ ጎንበስ ስትል ታናሺቱ ቀድማ አቀፈቻት። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ዓመት ይፈጅ ነበር።

ወደ ማኅበር የሚገባው በስለት፣ በግብዣ ወይም በውርስ ነው። እናቱ ስታርፍ ጽዋዋን የሚያነሳ ልጅ አለ። ማኅበርተኛ ሲሞት ቀሪዎቹ ያስተዛዝናሉ፣ ለ40ው ተዝካር ይደርሳሉ።

ደብተሩ

የእናቴ ማኅበር ደብተር ሰማያዊ ሽፋን አለው። የሚጀምረው በ1969 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ደብተር አልነበረም፤ በቃል ነበር።

ዘመኑ የሚታወቅ ነው። ደርግ በ1967 መጀመሪያ ሥልጣን ይዟል። የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጥታለች። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ታስረው በ1971 ተገድለዋል። በ1965 በወጣው ቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ምእመናኑን በየአጥቢያው ማደራጀት የጀመረው ልክ በሰዓቱ ነበር ማለት ይቻላል። ከመሬቱ ገቢ በኋላ ቤተ ክርስቲያንን ያቆማት የምእመኑ መዋጮ ነው።

ደብተሩ ስለ ፖለቲካ አንድ መስመር የለውም። ግን ያሳያል። በ1970 «በሰዓት እላፊ ምክንያት ከማታ ወደ ቀን ዞሯል» ይላል። ሌላ ቦታ «ተረኛዋ ስብሰባ ስለተጠራች በማግሥቱ ሆነ» ተብሏል። ስብሰባው የቀበሌ ነው። ከ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ደግሞ ልጅ የሄደባቸው እናቶች ስም ጎን ትንሽ መስቀል አለ። በየወሩ ለእነሱ ልጆች ተለይቶ ይጸለይ ነበር። ለተመለሰው መስቀሉ ይከበባል። ያልተከበቡ አሉ።

የ1977ቱ ድርቅ ላይ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ድፎውም ወጡም ቀርቶ ንፍሮ ብቻ እንዲሆን፣ የተረፈው ገንዘብ በረኃብ ተሰደው ለመጡ እንዲውል ተስማምተዋል። ስድስት ወር እንዲሁ ቆይተዋል። ከሥር በሌላ እጅ ጽሕፈት «እንደ ቴዎብስታ» የሚል ተጨምሯል።

ከጎኑ ያሉት

ሰንበቴ የማኅበር ዘመድ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰንበቴ ቤት ይደረጋል። እድር ግን ሃይማኖት አይለይም፤ ለቀብርና ለሐዘን ነው። እድር ከማኅበር ወጣ የሚሉ አሉ፤ ሌሎች መነሻውን 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ሰዎች መካከል ያደርጉታል። ማኅበርና እድር ግን የየራሳቸው መልክ አላቸው።

በዚህ ዘመን

ወጣቱ ማኅበር ትቷል የሚባለው ልክ አይደለም። በ1983 በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጸሎት እየተሰበሰቡ ቆይተው ነው በ1984 ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው። ዛሬ ከግቢ ጉባኤ (ከዩኒቨርሲቲ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤ) ተመርቀው የወጡ ጓደኛሞች የጽዋ ማኅበር ይጀምራሉ። ኮንዶሚኒየም ላይ ጋን የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ለስላሳና ብርዝ ይቀርባል። አንዳንዶች ኮሚናል ተከራይተው ያደርጉታል። ተራ የሚታወሰው በቴሌግራም ነው። መምህራን ጠላው ወደ ስካር፣ ድግሱም ወደ ፉክክር እንዳይሄድ ይመክራሉ። ምክራቸው ልክ ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ሥጋ የሚቀርብበት ማኅበር ድሃዋን ማኅበርተኛ ተራዋ ሲደርስ እንቅልፍ ይነሳታል። በእናቴ ማኅበር ለዚህ ሲባል አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

በዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ማኅበርተኞች ቀኑን ቅርብ ወዳለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዞሩታል፤ ሥራ አይለቃቸውም። በዓረብ አገር ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶች ደግሞ የሚገናኙት እረፍት ባገኙ ዕለት ነው። እዚያ የምትሠራ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ተራዋ ሲደርስ ገንዘብ ለእናቴ ትልካለች። ድፎው በስሟ ይጋገራል፣ ስሟ በጸሎት ይጠራል። ያኔ ስልኩ ከጽዋው አጠገብ ይቀመጣል። ካህኑ መስቀላቸውን ወደ ስልኩም ዘርጋ ያደርጋሉ። ከወዲያ በኩል አንዲት ቀጭን እልልታ ትሰማለች፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት አፏን በነጠላ ይዛ።