ቲራሚሱ፦ ኦቨን የማይገባው የጣሊያን የቡና ጣፋጭ

ቲራሚሱ ቡና ውስጥ ነከር የተደረገ ብስኩትና ከእንቁላል አስኳል፣ ከስኳርና ከማስካርፖኔ አይብ የተሠራ ክሬም እየተደራረበ፣ ላዩ ላይ ካካዎ ተነስንሶ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ የጣሊያን ጣፋጭ ነው። አይጋገርም። ስሙ ቃል በቃል «ወደ ላይ ሳበኝ» ማለት ሲሆን፣ የአገሬው ሰው የሚረዳው «አበርታኝ፣ አነቃቃኝ» ብሎ ነው።

የትውልድ ቦታው ሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን መሆኑ ብዙም አያከራክርም፤ የሚያከራክረው የትኛው ከተማ እንደሆነ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ታሪክ ቬኔቶ ክልል ውስጥ ወደምትገኘው ትሬቪዞ ይወስዳል። እዚያ አዶ ካምፔኦልና ሚስቱ አልባ ያስተዳድሩት የነበረው «ሌ ቤኬሪዬ» የተባለ ምግብ ቤት ከጣፋጭ ሠሪው ሮቤርቶ ሊንግዋኖቶ ጋር ቲራሚሱን አዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በምግብ ዝርዝሩ ላይ አስገባው። የጎረቤቱ የፍሪዩሊ ቬኔዚያ ጁሊያ ሰዎች ግን ቶልሜዞ ውስጥ በሚገኘው «አልቤርጎ ሮማ» ሆቴል ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይቀርብ ነበር ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የጣሊያን መንግሥት ቲራሚሱን በፍሪዩሊ ቬኔዚያ ጁሊያ ባህላዊ ምግቦች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ቬኔቶዎች ክፉኛ ተቆጥተው ነበር።

ሥሩ ግን ከምግብ ቤት ይልቅ ከቤት ጓዳ የመጣ ይመስላል። በቬኔቶ አስኳልን ከስኳር ጋር ነጭ እስኪል መምታት የቆየ ልማድ ነው፤ «ዝባቱዲን» ይሉታል። በእኛ አገር ለአራስ አጥሚት እንደሚሰጠው ሁሉ፣ እዚያም ለአራስ፣ ለልጅና ለደከመው ሰው ይሰጥ ነበር። ማስካርፖኔ፣ ቡናና ብስኩት ሲጨመሩበት ቲራሚሱ ሆነ ማለት ይቻላል።

የትሬቪዞው የመጀመሪያ አሠራር 12 አስኳል፣ 500 ግራም ስኳር፣ 1 ኪሎ ማስካርፖኔ፣ 60 ሳቮያርዲ ብስኩት፣ ቡናና ካካዎ ብቻ ነበር። የእንቁላል ነጭ፣ የተመታ ክሬምና መጠጥ አልነበረበትም። ማርሳላ ወይን፣ ሩም ወይም አማሬቶ መጨመር በኋላ የተለመደ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡናው ላይ ቢጨመር አይጎዳም፣ ባይጨመር ግን ምንም አይጎድልም።

ስኳሩን በተመለከተ የጥንቱ መጠን ለዛሬ አፍ ከበድ ይላል። ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚበቃ፣ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፒሬክስ የሚከተለው ይበቃል፦ 500 ግራም ማስካርፖኔ፣ 6 አስኳል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 300 ግራም ሳቮያርዲ (ወደ 36 ፍሬ)፣ 350 ሚሊ ሊትር ጠንካራ ቡና፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው ካካዎና ቁንጥር ጨው።

ቡናው ቀድሞ ይፈላል፣ ምክንያቱም መቀዝቀዝ አለበት። ጣሊያኖች ሞካ በተባለ፣ ምድጃ ላይ በሚጣድ የቡና ማፍያ ያፈሉታል። በጀበና ማፍላትም ይቻላል፤ አቦሉ ብቻ ይወሰዳል እንጂ ቶናውና በረካው ስለሚቀጥኑ ከክሬሙ ሥር ጣዕማቸው ይጠፋል። የጀበናው ቡና አተላው እስኪዘቅጥ ይቆይና በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል፤ ደቃቁ አተላ ብስኩቱ ውስጥ ከገባ ጥርስ ላይ አሸዋ ይሆናል። ስኳር ከተፈለገ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ የቡናው መራራነት የክሬሙን ጣፋጭነት መቁረጥ ስላለበት።

ክሬሙ ላይ ብዙ ስህተት ይፈጸማል። አስኳሉ፣ ስኳሩና ጨዉ በጎድጓዳ ሳህን ይደረጉና ትንሽ ውሃ በሚንተከተክበት ድስት አፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን መንካት የለበትም። ሳይቋረጥ እየተመታ ወደ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ይደረጋል፣ ይህም 8 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ጥሬ አስኳል የሚጠቀም ብዙ ጣሊያናዊ አለ፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ግን ቀልድ አያውቅም፤ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ከሚበሉት በሙቀቱ ማለፍ ግድ ነው። ከ71 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሥጋቱ ይወገዳል፣ ወደ 85 ሲጠጋ ደግሞ አስኳሉ እንደ እንቁላል ጥብስ መርጋት ይጀምራል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንፋሎቱ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ጊዜው ይረዝም ይሆናል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ቴርሞሜትር ከሌለ ዓይን ይበቃል። ቢጫው ወደ ፈዛዛ ክሬም ቀለም ይለወጣል፣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ መምቻው ከፍ ሲደረግም እንደ ማር እየተለጠጠ ይወርድና ላዩ ላይ የጣለው መስመር ለጥቂት ሰከንድ ሳይጠፋ ይቆያል። ከእሳት ሲወርድ እስኪበርድ ድረስ መምታት ይቀጥላል። እጅ ሳህኑን ሲነካው ሙቀት መሰማት የለበትም። ትዕግሥት ያጣ ሰው ሞቅ ያለውን አስኳል ማስካርፖኔው ላይ ሲገለብጠው ስቡ ይቀልጣል፤ ያ ክሬም ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም እንደ ሾርባ እንደፈሰሰ ነው የሚያድረው።

ማስካርፖኔው ከፍሪጅ ወጥቶ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይና በማንኪያ ብቻ ይላላል። ከዚያ አስኳሉ በሦስት ጊዜ ይጨመርበትና ከሥር ወደ ላይ እየተገለበጠ ይዋሃዳል። እዚህ ላይ ማሽን ባይነካው ይመረጣል። ማስካርፖኔ ስቡ ብዙ ስለሆነ ሲበዛበት ልክ እንደሚናጥ ወተት ቅቤው ይለያል፦ መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ይጓጉላል፣ በመጨረሻ ውሃ ይተፋል። መጓጎል ሲጀምር ከተደረሰበት ሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ክሬም ጣል አድርጎ በእጅ ቀስ ብሎ ማዋሃድ ያተርፈዋል፤ ውሃ ከተፋ በኋላ ግን መላ የለውም።

ማስካርፖኔ ካልተገኘ እቤት ይሠራል። ቢያንስ 35 በመቶ ስብ ያለው 1 ሊትር ክሬም እስከ 85 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበትና እየተማሰለ 5 ደቂቃ በዚያው ሙቀት ይቆያል። የማንኪያውን ጀርባ ሲለብስ ይወርዳል። ሲበርድ በድርብ ሻሽ ወንፊት ላይ ተደርጎ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት አጓቱ ከሥር፣ ወፍራሙ ማስካርፖኔ ከላይ ይገኛል። የእኛ አይብ ቦታውን አይተካም፦ ከአሬራ ስለሚወጣ ስቡ በጣም ጥቂት ነው፣ ፍርፍርም ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባው ክሬም ቺዝም ጨውና ኮምጣጣነት አለው፤ የሚሠራው ጣፋጭ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ቲራሚሱ ግን አይደለም።

መንከሩ ቀላል ይመስላል፤ ጣፋጩን ግን እሱም ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል። ሳቮያርዲ በእንቁላል አረፋ የተነፋ፣ ደረቅና ባለ ብዙ ቀዳዳ ብስኩት ስለሆነ ቡና እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ቡናው ዝርግ ሳህን ላይ ይደረግና ብስኩቱ በአንዱ ጎን 1 ሰከንድ፣ በሌላው 1 ሰከንድ ነክቶ ይወጣል። ለመፈተሽ አንዱን መሃሉ ላይ መስበር ነው፦ ዳርና ዳሩ ቡናማ፣ ልቡ ገና ነጭና ደረቅ ከሆነ ልክ ነው። የቀረውን ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ቡናው ወደ መሃል ይሄዳል፣ ከክሬሙም ጥቂት እርጥበት ይጨመራል። ልቡ ድረስ የራሰ ብስኩት ግን የተሸከመውን ቡና መልሶ ሲለቅ ፒሬክሱ ሥር ኩሬ ይቋጠራል። ቡናው ትኩስ ከሆነ ደግሞ ገና እጅ ላይ እያለ ይበጣጠሳል። ሳቮያርዲ ከሌለ ተራ ስፖንጅ ኬክ በጣት ውፍረት ተቆርጦ በ100 ዲግሪ ኦቨን እስኪደርቅ ይቆያል፤ ሳይደርቅ ከተነከረ ገንፎ ይሆናል።

አንድ ረድፍ ብስኩት ተጠጋግቶ ይደረደርና የክሬሙ ግማሽ ይለብሰዋል፤ ሁለተኛው ረድፍና የቀረው ክሬም ይከተላሉ። ተሸፍኖ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ክሬሙን አቁሞ የሚይዘው ሲቀዘቅዝ የሚጠነክረው የማስካርፖኔው ስብ ነው እንጂ ጄላቲን አይደለም፤ ለዚህ ነው በ2 ሰዓት ውስጥ የተቆረጠ ቲራሚሱ ሳህን ላይ የሚዘረጋው። ሽፋኑም ችላ አይባልም፣ ክሬሙ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ቶሎ ይስባል።

ካካዎው የሚነሰነሰው ሊቀርብ ሲል ነው። ቀደም ብሎ ከተነሰነሰ እርጥበት ስቦ ይጠቁራል። ወንፊቱ ከክሬሙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ ጠርዙ በጣት መታ መታ ይደረጋል። ቢላው ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየተጠረገ ሲቆረጥ ንብርብሩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የመጀመሪያው ቁራጭ መፈራረሱ ያለ ነው።

እንቁላልና ወተት ስላለበት ቲራሚሱ የፍስክ ጣፋጭ ነው። ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን፣ ቢበዛ 3 ቀን ይቆያል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ጣዕሙ ከመጀመሪያውም ይሻላል። ያለ ካካዎ በደንብ ታሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ሊቀመጥም ይችላል፤ ሲፈለግ ከቀን በፊት ወደ ፍሪጅ ይወርዳል እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይሟሟም።