ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ማትሪክ፦ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና መውጫ በሩ

የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን አራት ዓመታት ይይዛል። ተማሪው በእነዚህ ዓመታት ከአሥር በላይ የትምህርት ዓይነት ይማራል፣ በየሴሚስተሩ ሚድና ፋይናል ይፈተናል፣ ካርዱ ላይ አማካይ ውጤቱና ደረጃው ይጻፍለታል። ዕጣውን የሚወስነው ግን ካርዱ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ያላወጣው፣ ያስተማሩት መምህራንም ያላረሙት አንድ ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በየዘመኑ ኦፊሴላዊ ስሙ ተቀያይሯል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «ማትሪክ» ይለዋል።

ስሙ የመጣው ከለንደን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ ትምህርቱ በዋናነት የውጭ ቋንቋ ነበር፤ አሥራ ሁለት ክፍል ተቆጥሮ የሚጨረስበት ሥርዓት ገና አልተዘረጋም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ ኮተቤ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃና ጄኔራል ዊንጌት ሲከፈቱ፣ የጨረሰው ልጅ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ። አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የለም። ወደ ውጭ ለመሄድ ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና፣ ማለትም ማትሪኩሌሽን፣ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አዘጋጀች፤ የለንደኑ ቀረ፣ ስሙ ግን ቤተኛ ሆኖ ቀረ።

በንጉሡ የኋለኛ ዓመታትና በደርግ ዘመን የነበረው አወቃቀር ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነበር፦ አንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሁለት ዓመት፣ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት። የማትሪክ ውጤት ከአምስት የትምህርት ዓይነቶች ተሰልቶ ከአራት ነጥብ ይነገራል። «አራት ነጥብ አመጣ» የተባለ ልጅ በሰፈሩ ለዓመታት ምሳሌ ሆኖ ይጠራል። ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ጥቂት ስለነበር፣ «አሥራ ሁለት ጨርሶ ቤት የተቀመጠ» የሚባል አንድ ትውልድ የተፈጠረውም በዚያው ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላካቸው። በዚያ ዕድሜ የነበሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ትምህርታቸውን ሲያወሩ ከዘመቻ በፊትና ከዘመቻ በኋላ ብለው የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን አወቃቀር ለወጠው። አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ሆነ፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ 9ኛና 10ኛ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት መሰናዶ ተባሉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሰጥ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ ሥራው ለመሰናዶ ተሰጠ። ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን ትልቁ ፈተና ወደ 10ኛ ክፍል መውረዱ ነው። አሥረኛን ያለፈ መሰናዶ ይገባል፤ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፣ ወይም ይቀራል። ገና አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ የሕይወቱን መንገድ በጥቂት ቀናት ፈተና እንዲለይ ተደረገ ማለት ነው። ይህ ለቴክኒክና ሙያም በጎ አልሆነለትም። እጅግ የሚያስፈልገን ሙያ «ያልተሳካለት» ልጅ መድረሻ ተደርጎ ታየ፤ ያ ስም ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቶ ሁለተኛ ደረጃ እንደገና የአራት ዓመት አንድ ወጥ ጉዞ ሆነ፤ ፍሬሽማንም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ስለዚህ አሁን አንድ ልጅ 9ኛ ለመግባት የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና፣ በሕዝቡ አጠራር «ሚኒስትሪን»፣ ያልፋል። ከዚያ እስከ 12ኛ መጨረሻ ሌላ ትልቅ ፈተና አይጠብቀውም።

9ኛና 10ኛ ላይ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ የዜግነት ትምህርት፣ አይሲቲና ስፖርት አሉበት፤ ቀድሞ መሰናዶ ላይ ብቻ ይሰጥ የነበረው ኢኮኖሚክስም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ 9ኛ ወርዷል። አማራጭ ኮርስ፣ የሚጠራቀም ክሬዲት የሚባል ነገር የለም። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ዓመቱን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የሚፈራረቁት መምህራኑ ናቸው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ተማሪ በሚበዛባቸው ከተሞች አንዱ ፈረቃ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ይማራል። በዓመቱ መጨረሻ አማካዩ 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ በካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ይባልለታል፤ ያልሆነለት ይደግማል።

ትልቁ እንቅፋት ትምህርቱ ሳይሆን የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። እስከ 8ኛ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ሲገባ ከቋንቋዎቹ ትምህርት በቀር መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። አንዳንድ ክልሎችና ከተሞች ሽግግሩን 7ኛ ላይ ይጀምራሉ፤ ገደሉ ግን ያው ነው። እውነቱን እንናገር፦ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአገሩ ቋንቋ ያብራራል፣ ተማሪው ማብራሪያውን ሰምቶ ይገባዋል፣ ፈተናው ሲመጣ ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶሲንተሲስን በአማርኛ አስረድቶ የሚጨርስ ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጥያቄ ሳይረዳው ሲቀር አይቻለሁ። ያ ልጅ ባዮሎጂ አያውቅም ማለት አይደለም።

በፕላዝማ የተማርን ሰዎች ይህን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት በመላ አገሪቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ስክሪኑ በቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሰሌዳው አጠገብ ይቀመጣል። ደወል ሲደወል መምህሩ ይከፍተዋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ በፈጣን እንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጥታ ትገባለች፣ ጥያቄ ታወጣለች፣ «አሁን ሥሩ» ትላለች፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። እኛ ጥያቄውን ደብተራችን ላይ ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። ሴትየዋን ቆይ ማለት አይቻል፣ ድገሚልን ማለት አይቻል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ እሱም እንደኛ ያያል፤ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች አግኝቶ ሊያብራራ ሲጀምር ደወል ይደወላል። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ የሩቅ ገጠር ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ እኩል ትምህርት እንዲያገኙ። ግን ልጁን የሚያውቀው፣ የት እንደጠፋበት ከዓይኑ የሚያነበው መምህሩ ነበር፤ እሱ ዝም እንዲል ተደረገ።

10ኛን ያጠናቀቀ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። በተፈጥሮው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በማኅበራዊው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ዋናዎቹ ናቸው። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁለቱም ይሰጣል፣ የማኅበራዊው ሒሳብ ቀለል ይላል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንደ ግብርና ያሉ ወደ ሥራ የሚያዘነብሉ ትምህርቶችንም ጨምሯል። ምርጫው የልጁ ነው ቢባልም ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ጣልቃ ይገባል፤ ጎበዝ ልጅ ተፈጥሮ ሳይንስ ይገባል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። መንግሥትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ መወሰኑ ይህን እምነት አጠናክሮታል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሁሉም ጥያቄ ምርጫ ነው። በወረቀት የሚፈተነው ተማሪ መልሱን በእርሳስ ያጠቁራል፣ የመልስ ወረቀቱን ማሽን ያርመዋል። ከተማራቸው ትምህርቶች ሌላ አፕቲትዩድ የሚባል የቃልና የቁጥር አመዛዘን ፈተና አለ። ይህ ፈተና በየትኛውም ክፍል ክፍለ ጊዜ የለውም፤ ከተሜው ልጅ ቲውቶሪያል ገብቶ ይለማመደዋል፣ የገጠሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ፈተናው ቀን ነው።

ፈተናው ለረጅም ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፣ ኩረጃውም ከዓመት ዓመት እየባሰ ሄደ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ መላው ፈተና ተሰርዞ እንደገና ተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዝጋት የተለመደ ሆነ። በመጨረሻ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ዙር፣ ማኅበራዊው ቀድሞ ተፈጥሮው ተከትሎ፣ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ። ተማሪው ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ስልኩን ቤቱ ጥሎ፣ በአውቶቡስ ወደማያውቀው ከተማ ሄደ። በር ላይ ተፈተሸ፣ ዶርም ተኛ፣ በካፌው በላ፣ የማያውቀው መምህር ፈተነው።

ከዚሁ ጋር ሌላ ለውጥ መጣ። ቀደም ሲል የመግቢያ ነጥቡ የሚቆረጠው ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ነበር፤ ቦታ ካለ 50 በመቶ ሳይደርሱም ይገባ ነበር። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ግማሹን ማምጣት ግዴታ ሆነ። ውጤቱ ሲገለጽ አገሩ ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2016 ከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር መፈተን ጀምረዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ሰነፍ ትውልድ መጣ ብሎ ማንበብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል «ተዛውሯል» እየተባሉ የመጡ ናቸው። ካርዳቸው ላይ ሰባና ሰማንያ ያየ ወላጅ ልጁ 30 በመቶ ሲያመጣ የሚደነግጠው ማንም ቀድሞ ስላልነገረው ነው። ችግሩ ፈተናው መጥበቁ ሳይሆን፣ እስከዚያ ድረስ እውነቱን የሚናገር ምዘና አለመኖሩ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎች እንዲጠብቁ የተፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል። ሁሉም በእኩል ቦታ አልተነሡም፤ የትግራይ ተማሪዎች በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ሳይፈተኑ ቆይተዋል፣ በአማራ ክልልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አንድም ያላሳለፉትን ትምህርት ቤቶች ስናነሣ ላቦራቶሪ እንዳላቸው፣ የፊዚክስ መምህር እንዳላቸው፣ መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ እንደሆነ አብረን መጠየቅ አለብን።

50 ላላመጡት በ2015 ዓ.ም. ሬሜዲያል የሚባል መንገድ ተከፈተ። ወደ ማለፊያው የቀረቡት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተመረጡ ትምህርቶችን ለአራት ወር ያህል ተምረው እንደገና ይፈተናሉ፤ ያለፉት ፍሬሽማን ይቀጥላሉ። ሌሎቹ በግል ተፈታኝነት ተመዝግበው በዓመቱ ይሞክራሉ፣ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳሉ።

በሕግ ዓይን 12ኛን ማጠናቀቅና ማለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 50 ያላመጣ ልጅም ከትምህርት ቤቱ የአራት ዓመት ትራንስክሪፕቱን ይወስዳል፤ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም የፈተና ውጤቱ ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ለሥራ ይጠየቃል፣ ለኮሌጅ ይጠየቃል፣ ለዲቪም ይጠየቃል። የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ የደረሰው ሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ማጠናቀቁን፣ ካልሆነም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ እንዳለው ማሳየት አለበት። በአሥረኛ ክፍል ፈተና ዘመን ከ10ኛ የቀሩ ወጣቶች ዲቪ ደርሷቸው የተቸገሩት በዚህ ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱን ገና ትምህርት ቤት እያሉ አውጥቶ፣ የስም ፊደሉ በፓስፖርት ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ይጠቅማል፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ከዓመታት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው።

የመለያየቱ ሥርዓት ከውጤቱ ይቀድማል። በመጨረሻው የትምህርት ሳምንት ልጆቹ በነጭ ሸሚዛቸውና በዩኒፎርማቸው ላይ በማርከር ይፈራረማሉ፤ ኦቶግራፍ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ «የወደፊት ምኞትሽ» የሚለው ገጽ ላይ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ይጻፋል። ፈተናው ተፈትኖ ክረምቱ ያልፋል። ከዚያ አንድ ምሽት፣ ብዙ ጊዜ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ወይም በመስከረም፣ ውጤቱ ተለቀቀ ይባላል። ልጅቷ የመለያ ቁጥሯን ስልኳ ላይ ታስገባለች፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ እናት ከኩሽና «ወጣ ወይ?» እያለች ትጣራለች፣ ሸሚዙ ሳይታጠብ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል።